ደህና ነን የሚለው መንደር

ሰኔ 4

ደረስኩ። ወገቤን የጀልባው ጣውላ ቆርጦታል፣ እግሬን ትንኝ ጨርሶታል፣ ሻንጣዬ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ቢሆንም ደረስኩ።

ከጠዋት ጀምሮ ሰማይ ያየሁት በቁራጭ በቁራጭ ነው። ጫካው ከወንዙ ግራና ቀኝ ተነስቶ ከላያችን ሊጨባበጥ ምንም አልቀረው። እኔ ደግሞ "ያ ምንድን ነው? ያ የምን ድምፅ ነው?" እያልኩ ሞተረኛውን አሰለቸሁት። መንገድ ላይ ሰው የሌለበት መንደር አለፍን። ቤቶቹ እንደቆሙ ናቸው። በአንደኛው መስኮት የዛፍ ቅርንጫፍ ወጥቷል።

"እዚህ የነበሩት የት ሄዱ?" አልኩት።

"ተነሱ።"

"ለምን?"

"ተነሱ አልኩሽ እኮ" አለና ሞተሩን አስጮኸው። ጥያቄዬን ውሃ በላው።

የመጣሁበትን ጉዳይ እዚህ ላስፍረው፤ ሲደክመኝ እንዳልረሳው። መሥሪያ ቤታችን በዚህ ወንዝ ላይ አንድ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ሊሠራ ነው። አንድ ብቻ። ወይ እዚህ ይሆናል፣ ወይ በታችኛው መንደር። የታችኛውን መንደር አኗኗር የሚገልጸውን ጽሑፍ የሥራ ባልደረባዬ ጨርሶ አስረክቧል። የዚህኛው የኔ ነው። አለቃዬ ሲሸኘኝ "ልቦለድ እንዳትጽፊ። ሥራቸው ምንድን ነው፣ ጤናቸው እንዴት ነው፣ በምን ይሻገራሉ፤ በቃ" አለኝ። የሚመልሰኝ ጀልባ ሐምሌ 2 ይመጣል።

ሰኔ 5

ያረፍኩት አንዲት ሴትዮ ቤት ነው። መንደሩ በሙሉ እትዬ ይላታል፣ እኔም እትዬ አልኳት። አክብሬ "እርስዎ" ብላት "ገና በቁሜ አታስረጂኝ" አለችኝ። ወደድኳት።

ቤቱ በእንጨት እግሮች ላይ የቆመ ነው። የወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ስላለው ቁጭ ብዬ ስጽፍ ከሥሬ ዶሮዎቹ ሲጣሉ አያለሁ። በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የወንድ የዝናብ ልብስ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የጎማ ቦት ጫማ አለ።

"የባለቤቴ ነው" አለችኝ፣ ዓይኔን ተከትላ።

"የት ሄዶ ነው?"

"ታች ወርዷል።"

"መቼ ይመጣል? የቤቱን አባወራ ማነጋገር አለብኝ።"

"ዝናቡ ሲያባራ" አለችና ዓሣዋን መጥበስ ቀጠለች።

ከኔ ክፍል ጀርባ ሌላ ክፍል አለ፤ በሩ ዝግ ነው። "ኮኮዋ ያስቀመጥኩበት ነው፣ ሽታው ያጥወለውልሻል" አለችኝ። እኔ እንኳን ለሽታ አልበገርም ነበር። ግን የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ጨዋ ሆንኩ።

ሰኔ 7

ኮኮዋ ከቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ይመስለኝ ነበር። ለካ ከግንዱ ላይ ነው የሚበቅለው። ዛፉ በየቦታው ጡት ያወጣ ይመስላል። ቢጫ ፍሬውን በቆንጨራ አንዴ መታ አድርገው ይሰነጥቁታል፣ ውስጡ ነጭ ልስልስ ነገር ነው። መጠጥኩት፣ ጣፋጭ ነው። እኛ የምናውቀው የቸኮሌት ጣዕም በአጠገቡም አላለፈ።

ከዚያ ፍሬውን በእንጨት ሣጥን ከተው በሙዝ ቅጠል ይሸፍኑትና እንዲብላላ ይተዉታል። "እጅሽን ክተቺ" አሉኝ። ስከት ዘልዬ አወጣሁት፤ እሳት የሌለበት እሳት። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለካ እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው።

ማስጫው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከፍ ያለ የጣውላ መደብ ነው፤ በላዩ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ጣራ አለው። ፀሐይ ሲወጣ ጣራውን ይገፉታል፣ ደመና ሲመጣ መጀመሪያ ያየው ሰው "ጣራ" ብሎ ይጮኻል። ከዚያ የሚጠባ ልጅ ያላት፣ ፀጉሯን የምትሠራ፣ የሚበላ፣ የሚጣላ፣ ሁሉም ነገሩን ትቶ ይሮጣል። ዛሬ እኔም ሮጬ ገፋሁ። አንዲት ሴት "ወይዘሮ ለምን ጉልበትም አላት" አለች። ስም አውጥተውልኛል ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ሰው ስም የሚያወጣው ለለመደው ሰው ነው።

ሰኔ 10

ጤናን ጠየቅሁ። የመንደሩ ሊቀመንበር ራሳቸው ቤት ለቤት አዞሩኝ። ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው የሚሄዱ ሰው ናቸው። እሳቸው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፣ እኔ እገባለሁ።

"እንዴት ናችሁ? ሕመም አለ?"

"ደህና ነን።"

"ወባ? ተቅማጥ?"

"ኧረ ደህና ነን።"

"እናንተስ?"

"እኛም ደህና ነን።"

አንዱ ሰውዬ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎታል። "እሾህ ነው" አለኝ። ጨርቁ ጉልበቱ ድረስ ይደርሳል። የምን እሾህ ነው? ልጠይቀው አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ "እንሂድ፣ ሊዘንብ ነው" አሉ። የመንደሩ የሕክምና ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ ጠፍቶባቸዋል፤ "ስለማንፈልገው ነው የጠፋው" አሉኝ ሊቀመንበሩ። ጥሩ መልስ ነው፣ ጻፍኩት።

እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። እኔ ከተማ ውስጥ ተቀምጬ በየወሩ ጉንፋን የሚጥለኝ፣ እነዚህ በዚህ ሁሉ እርጥበት ውስጥ አያስነጥሱም። አየሩ ይሆን? ዓሣው? አንድ ሐኪም መጥቶ ሊያጠናው የሚገባ ነገር ነው።

ከእራት በፊት ከጀርባው ክፍል ድምፅ ሰማሁ። ማቃሰት የመሰለ።

"ምንድን ነው?" አልኳት እትዬን።

"ፍየሏ ናት።"

"ኮኮዋው ክፍል ውስጥ?"

"ዝናብ አትወድም።"

በመግለጫው ላይ "አንዳንድ ቤተሰቦች ፍየል ያረባሉ" ብዬ ጨመርኩ። እስካሁን በዓይኔ ያየኋት የለችም።

ሰኔ 11

ዝናብ። ጣራ ሦስቴ ተገፋ። ሁሉም ነገር ሻጋታ ሻጋታ ይላል። አለቃዬ ደወለ፦ "የት ደረስሽ?" የሳተላይት ስልኩ ባትሪ እያለቀ ነው፣ ፀሐይ የለም እንዴት ይሞላ። "ልቦለድ እንዳትጽፊ" አለ ደግሞ። ቆሽቴ አረረ። ዘጋሁት።

ሰኔ 14

መሻገሪያው።

መንደሩ ያለው ከወንዙ ወዲህ ነው። የጥርጊያው መንገድ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከተማ የሚወስደው መኪና፣ ሁሉም ወዲያ ማዶ ነው። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ገመድ ተወጥሯል። ቀዛፊው ታንኳዋ ላይ ቆሞ ገመዱን በእጁ እየጎተተ ያሻግራል። ወጣት ነው፣ ትከሻው የጣራ ማገር ያክላል፣ ወሬ አይወድም። የእትዬ ባል ታናሽ ወንድም እንደሆነ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ።

ተሻገርኩ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ከላይ ዝም ይላል፣ ታንኳዋን ግን ከሥር ይስባታል። መሐል ላይ ስንደርስ ጨዋታ ልጀምር ብዬ "እስካሁን እዚህ የወደቀ ሰው አለ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየ። "ገመዱ ጥሩ ነው" አለ።

"ስለ ገመዱ አይደለም የጠየቅሁህ።"

"ያኛው ነበር ያረጀው። ይሄ አዲስ ነው።"

"ወንድምህ መቼ ነው የሚመጣው? ባለቤቱን ብጠይቃት ዝናብ ሲያባራ ትለኛለች።"

መጎተቱን አቆመ። ታንኳዋ ወደ ጎን ዞረች፣ እኔ ጠርዙን ጨበጥኩ። ከዚያ መጎተት ጀመረ፣ ማዶ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወንድማማቾቹ የተቀያየሙ ይመስለኛል። የቤተሰብ ጣጣ የሌለበት ቦታ የለም፤ አልጻፍኩትም።

ሰኔ 16

ለአለቃዬ ደውዬ መግለጫውን በአጭሩ አነበብኩለት። ሥራቸው የተደራጀ፣ ጤናቸው የተሟላ፣ መሻገሪያቸው በአዲስ ገመድ የተጠናከረ። በጣም ተደሰተ። "ጎበዝ! ችግር የለም በይኛ?"

"የለም" አልኩ።

ከዘጋሁ በኋላ ያነበብኩለትን ደግሜ አነበብኩት። እኔ ሰው ፊቱን ሲያዞር ነገሩ የሚገባኝ ሰው ነኝ፤ እናቴ በዚህ ስትረግመኝ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን ሁሉም ፊቱን ወደኔ አዙሮ ይስቃል። እንደዚህ የሚሳቅልኝ ለምንድን ነው? ስለተመቸኋቸው ነው። ስለተመቸኋቸው ይመስለኛል።

ሰኔ 17

አንድ ነገር ሰማሁ፣ ቅስሜ ተሰበረ።

ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ሳለሁ ሁለት ሴቶች ከቤቱ ሥር ሙዝ እየላጡ ያወሩ ነበር። በስንጥቁ ሁሉም ይሰማል። አንደኛዋ የመንደሩ አዋላጅ ናት፣ ድምፅዋን አውቀዋለሁ።

"ወይዘሮ ለምን እስክትሄድ ቻይው በያት እንጂ።"

"ብያታለሁ። ግን ይጠብቃል ወይ?"

"ምን ይደረግ። ቃል ቃል ነው።"

ስለ እትዬ ነው የሚያወሩት። እኔን እስክሄድ እንድትችለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የሰው ቤት ተቀምጬ ከበድኳት ማለት ነው። እራት ላይ "ካስቸገርኩሽ ሌላ ቤት ልሂድ" አልኳት። እጇ አየር ላይ ቀረ። "ምን በድዬሽ?" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴን በላችው። ይቅርታ ጠየቅኋት። ያልገባኝ ነገር አለ።

ሳህን ይዛ ወደ ጀርባው ክፍል ገባች። የተጠበሰ ዓሣ ነበረበት። ፍየል ዓሣ ትበላለች?

ሰኔ 20

ውሳኔው መጣ። አለቃዬ በደስታ ነው የነገረኝ፦ "ድልድዩ ለታችኛው መንደር ሆኗል። ታችኞቹ ሰው ያልቅባቸዋል፣ ያንቺዎቹ ደህና ናቸው፣ መጠበቅ ይችላሉ። መግለጫሽ ነው ያቀለለን።"

ቀልቤ ተገፈፈ። ይህን መንደር ወድጄዋለሁ፣ ድልድዩ እንዲመጣላቸው ነበር የምፈልገው፤ ደህና ናቸው ብዬ በመጻፌ እንደሚያጡት ግን እንዴት አልታየኝም? ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። ነገርኳቸው።

"አንነሳም ማለት ነው?" አሉ።

"ከየት?"

"ከዚህ።"

"ማን ተነሱ አላችሁ?"

ፊታቸው በራ። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። ሲመሽ ከየቤቱ ሙዝ መጣልኝ፣ የተጠበሰ ዓሣ መጣልኝ፣ የማር እንስራ መጣልኝ። ሰዎች ይስቃሉ፣ ማስጫው ላይ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። ድልድይ አጥተው የሚደሰቱ ሰዎች አይቼ አላውቅም። ዞሬ ዞሬ "ለምን?" አልኩ፣ ሁሉም "ደህና ነን እኮ" አለኝ።

እትዬ ብቻ አልወጣችም። ከበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የባሏን ቦት ጫማ በጨርቅ ስትወለውል አገኘኋት። ጫማውን ጭቃ አልነካውም።

ሰኔ 21

ዝናብ ቀንም ሌሊትም። ወንዙ ሞልቷል፣ የመሻገሪያው የመጀመሪያ ደረጃ አይታይም። ቀዛፊው ታንኳዋን አውጥቶ ደፍቷታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት አልሄዱም። ሞተረኛው ደውሎ ዲዝል ሊያራግፍ ታችኛው መንደር እንደቆመ ነገረኝ፤ ዝናቡ ይዞታል።

የተነሳውን መንደር አስባለሁ። የዛፉን ቅርንጫፍ። "አንነሳም ማለት ነው?" አሉ። ለምን አሉ?

ሰኔ 23

በችኮላ ነው የምጽፈው።

ከቀትር በፊት ጩኸት። ከጀርባው ክፍል። ፍየል አይደለም፣ ሰው ነው፣ ሴት ናት። በሩን ገፍቼ ገባሁ። ኮኮዋ የለም። የእትዬ ልጅ ናት፣ ከዚህ በፊት ዓይኔ ያላረፈባት፣ ሆዷ የደረሰ፣ ከንፈሯ የደረቀ። ባሏ እንጨት ቆራጮች ጋር ሩቅ ነው አሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከኔ አንድ ግድግዳ ወዲያ ነበረች። አዋላጇ ቀና ብላ እትዬን አየቻት፦ "ልጁ ዞሯል። ከኔ እጅ አልፏል።"

እትዬ ወደኔ ዞረች። "ስልክሽ ይሠራል?"

ሊቀመንበሩ የቤቱ ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። "እትዬ" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ "ተስማምተን ነበር።"

"ተስማምተን ነበር" አለች። "የኔን ድርሻ ባለፈው ክረምት ከፍያለሁ። ሁለተኛ አልከፍልም።"

ደወልኩ። ባትሪው ቀይ ነው። ሞተረኛው "በዚህ ውሃ ላይ?" አለ። ለመንኩት፣ በእናቱ፣ አፈር ስሆን አልኩት። መጣ። ከማስጫው ላይ አንዱን የጣውላ መደብ ነቀሉ፣ እሷን በላዩ አስተኝተው ስድስት ሰው ተሸክሞ በጭቃው ወረደ። እግሩን በጨርቅ የጠቀለለው ሰውዬ ከፊት ነበር፣ ሲያነክስ አየሁት። እሾህ አይደለም። ሊቀመንበሩ ደግሞ የዝናብ ልብሳቸውን አውልቀው ሆዷ ላይ ጣል አደረጉባት። ጀልባው ከሷ ሌላ እናቷንና አዋላጇን ብቻ ያዘ። ከዚያ ጥምዝምዙ ላይ ጠፉ።

ስልኩ ሞቷል። ምንም አላውቅም።

ሰኔ 25

ፀሐይ ወጣች። ስልኩን ማስጫው ላይ አሰጣሁት፣ ከኮኮዋው ጋር። ከሰዓት በኋላ ነፍስ ዘራ። እትዬ ከሆስፒታሉ ስልክ ደወለች። "ሴት ናት" አለችኝ። "ሁለቱም አሉ።" ማስጫው ላይ ቆሜ ጮኬ ነገርኳቸው። ማንም አልጮኸም። ሴቶቹ ቁጭ ብለው አለቀሱ፣ ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዞሩ። እኔም አለቀስኩ።

ሰኔ 27

እትዬ ተመለሰች። ልጇና ሕፃኗ ለጥቂት ቀን እዚያ ይቆያሉ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ልጠይቃት ስል "ዛሬ አትጠይቂኝ፣ እኔ ልንገርሽ" አለችኝ።

ከላይ ያለው የተነሳው መንደር፣ የእትዬ እናት የተወለደችበት ነው። እንደኔ ያለ ሰው መጣ፣ ደብተር ይዞ። እነሱ ደግሞ እርዳታ ያመጣልናል ብለው የሞተባቸውን፣ የታመመባቸውን፣ ውሃ የወሰደባቸውን ሁሉ ዘረዘሩለት። ሰውዬው ጻፈ፣ አዘነ፣ ሄደ። በሚቀጥለው በጋ ጀልባዎች መጡ፣ ይህ ቦታ ለሰው አይሆንም ተብሎ ሁሉንም ጭነው መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። ኮኮዋ እዚያ አይበቅልም። ዓሣ የለም። አክስቷ እዚያ ሞተች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ።

ስለዚህ የኔ መምጣት ሲሰማ ሊቀመንበሩ ሰበሰቧቸው፤ ስንታመምም ስንሞትም ደህና ነን እንበል አሏቸው። የሕክምና ክፍሉን ቁልፍ እሳቸው ኪሳቸው ከተቱት።

"ባለቤትሽስ?" አልኳት። ጠየቅሁ ደግሞ፤ ምን ላድርግ።

"ባለፈው ክረምት ይችው ልጅ ምጥ ያዛት። የፊተኛው ልጇ ነበር። ገመዱ ያረጀ ነበር፣ ውሃውም እንደዚህ። እሱ ነበር ቀዛፊው። መሐል ላይ ተበጠሰ። እሷን ወንድሙ ዋኝቶ ደረሰባት። ልጁ ሆዷ ውስጥ ቀረ። እሱን አላገኘነውም።" ጫማውን በእጇ ነካ አደረገችው። "ታች ወርዷል አልኩሽ። አልዋሸሁም፤ ውሃው የሚወስደው ወደ ታች ነው።"

ጭቃ ያልነካውን ጫማ አየሁት።

"ታውቂያለሽ የከበደኝ ምን እንደሆነ? መዋሸቱ አይደለም። በየቀኑ መቼ ይመጣል ስትይኝ፣ ዝናቡ ሲያባራ ስልሽ፣ እየጣመኝ መጣ። አንድ ቀን ማለዳ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ደረጃው ወጥቼ ቆምኩ።"

ትከሻዋን ያዝኩ። ስንት ጊዜ ጠየቅኋት? አባወራውን ማነጋገር አለብኝ እያልኩ፣ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ለወንድሙም ወንዙ መሐል ላይ ይህንኑ አልኩት። እኔ የሰው ፊት አንባቢዋ።

ሰኔ 28

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና እንዲህ አለ፦ "በቀደም የተሟላ ጤና አልሽኝ፣ ዛሬ ሰው ይሞታል ትይኛለሽ። የትኛውን ልመን?"

"የዛሬውን።"

"ውሳኔው ተፈርሟል። መሐንዲሱ ሐምሌ 2 ለታችኛው መንደር መለኪያ ይዞ ይመጣል፣ በዚያው ጀልባ አንቺን ይወስድሻል።"

"እዚህ ወርዶ ይጠይቃቸው።"

"ምን ይላሉ?"

ደህና ነን ነው የሚሉት።

"ራሳቸው ካሉት ይሰማል" አለኝ በመጨረሻ። "ካንቺ ሳይሆን ከነሱ። አንቺ አፍሽን ለጉመሽ ቁሚ።" ከዚህ የከፋ ትእዛዝ በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ሐምሌ 1

ማስጫው ሥር ተሰበሰቡ። መጨቃጨቅ ነበር፣ ጩኸት አልነበረም። ሊቀመንበሩ "እሷ ነገ ትሄዳለች" አሉ፣ ወደኔ ሳያዩ። "ክፉ ሰው አይደለችም። ያ ላይኛው መንደር የመጣውም ክፉ ሰው አልነበረም። የጻፈው እውነት ነበር። ዘመዶቻችንን ያነሷቸው በዚያው እውነት ነው።"

አንዱ "ድልድይ ቢኖር እኮ" አለ።

"ድልድዩ ቢመጣና ከዚያ ወዲያ ብንነሳ ማን ይሻገርበታል?" አሉ ሊቀመንበሩ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እንደማትነሱ ቃል እገባለሁ ማለት አማረኝ። ግን አለቃዬን አውቀዋለሁ፣ መሥሪያ ቤቴንም አውቀዋለሁ። "ቃል ልገባላችሁ አልችልም" አልኩ። "እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ። የማውቀው ዝም ካላችሁ ድልድዩ እንደማይመጣ ብቻ ነው።"

ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ቤት ስንገባ እትዬ የባሏን የዝናብ ልብስ ከምስማሩ አውርዳ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ሐምሌ 2

ይህን የምጽፈው ጀልባው ላይ አይደለም። ለምን እንዳልሄድኩ እነግራለሁ።

ጀልባው ከቀትር በፊት መጣ። መሐንዲሱ ሽበታም፣ ባርኔጣው ትልቅ፣ ፊቱ የደከመው ሰው ነው። ከኋላው የእትዬ ልጅ ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋ ተቀምጣለች። ሞተረኛው ከሆስፒታሉ ይዟቸው መምጣቱን አላወቅንም ነበር። መንደሩ በሙሉ ወንዙ ዳር ወርዶ ቆመ።

መሐንዲሱ ጭቃው ላይ ወረደ። "ጊዜ የለኝም" አለ፣ "ግን ጠይቅ ተብያለሁ፣ እጠይቃለሁ። አባት፣ እርስዎ ነዎት ሊቀመንበሩ? መሻገሪያችሁ እንዴት ነው?"

ሊቀመንበሩ እጃቸውን ከኋላ አጣመሩ። "ደህና ነን" አሉ።

መሐንዲሱ ወደኔ አየ። የማውቀውን ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ምላሴን አፌ ውስጥ ሰብስቤ ቆምኩ። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ጀልባው ዞረ።

እትዬ ወደ ልጇ ሄዳ ሕፃኗን ከእጇ ተቀበለች። "ጌታዬ" አለችው መሐንዲሱን። "ደህና አይደለንም። ባሌን እዚህ ውሃ ወሰደው።" በአገጯ ወንዙን ጠቆመች። "እዚያ፣ መሐል ላይ። የዚህችን ልጅ ታላቅ ወንድሟንም።"

መሐንዲሱ ዞሮ ቆመ።

ቀዛፊው ታንኳዋ አጠገብ ነበር። "ወንድሜ ነው" አለ። ከኔ ጋር ከተሻገረበት ቀን ወዲህ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"እናቴን" አለ እግሩን የጠቀለለው ሰውዬ። "ወደ ሐኪም ስንወስዳት። ይሄ እግሬም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።"

"እህቴን" አለች አንዲት ሴት፣ ከኋላ። ያቺ ሆዷን ይዛ የሳቀችብኝ ናት።

ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። እኔ ደብተሬን አላወጣሁም። መሐንዲሱ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

"ልጄን" አሉ ሊቀመንበሩ።

ሁሉም ዞረን አየናቸው። አጠገቤ የቆመችው አዋላጅ "ሃያ ዓመት አልፎታል" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "አንድም ቀን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።"

"ትምህርት ቤት ስትሄድ" አሉ ሊቀመንበሩ። "ሰባት ዓመቷ ነበር። ተነሱ ብትሉን እሷ ያለችበትን ውሃ ትተን እንሄዳለን። እሱን ነበር የፈራሁት። ሌላ ነገር አልነበረም።"

መሐንዲሱ ወደሳቸው ቀረበ። "እኔ ሰው አላነሳም፣ ድልድይ ነው የምሠራው" አለ። "የት እንደሚሠራ የምወስነው ግን እኔ አይደለሁም። ሁለቱንም ቦታ ለክቼ የሰማሁትን ከቁጥሩ ጋር አቀርባለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።" ከዚያ ከጀልባው ውስጥ ረጅሙን የመለኪያ ሜትር አወረደ። ወደኔም ዞሮ "አንቺ ደግሞ ቆይተሽ እንደገና ጻፊ። ጀልባው በሚቀጥለው ጊዜ ይወስድሻል" አለኝ።

"ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አለ። "ውሃው ዳር ድረስ።"

ቀዛፊው እጁን ዘረጋ። ሊቀመንበሩ ቀደሙት። የሜትሩን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙና ጫማቸውን ሳያወልቁ ቁልቁል ሄዱ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ። "ይበቃል አባት" አለ መሐንዲሱ። አልሰሙም። ጉልበታቸው ደረሰ፣ ከዚያ ወገባቸው፣ ሜትሩ ከመሐንዲሱ እጅ እየተተረተረ ተከተላቸው። ቀዛፊው ገብቶ በክንዳቸው ያዛቸው። ሊያወጣቸው መስሎኝ ነበር፤ አጠገባቸው ቆመ እንጂ አልሳባቸውም።

መሐንዲሱ ቁጥሩን አነበበና ጻፈ።